ገመዱ እስኪመልስ

ሐሙስ፣ ማርች 16፣ 1944

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቴሌግራም መጣ። ያመጣው የቴሌግራፍ ቤቱ ሹም ሚስተር ሆሊስ ራሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ኅብስት የምጋግረው እኔ ነኝና ዱቄት እየነፋሁ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ነው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ «አዝናለሁ» የምትል አንድ ቃል ተናገረ። እንግሊዝኛ ብዙ አላውቅም፤ ያቺን ቃል ግን አውቃታለሁ። ባሌ ሳከላሪስ ከባሕር ሥር ሰፍነግ ሊለቅም ጠልቆ እግሮቹ ሰልለው የወጣ ጊዜ ሐኪሙ ያቺኑ ነው ያለኝ።

ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም። ልጄ ቴመሊና ከብርቱካን ማሸጊያው እስክትመለስ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አደረግኩት። ከዚያ ዱቄቴን ነፍቼ ጨረስኩ። ሁለት ጊዜ ነፋሁት።

ቴመሊና ስትገባ ቆማ አነበበችው። ወንድሟ ሳጅን ፓንተሊስ ከማርች 6 ጀምሮ ጀርመን ላይ የደረሰበት አልታወቀም ይላል።

«ሞተ ይላል?» አልኳት።

«አይልም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው አልሞተም።»

ሳከላሪስ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ስንት ቀን ሆነው ማለት ነው?» አለ። «አሥር» አለችው። ምርኩዙን አንስቶ ወደ ወደቡ ሄደ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ቴመሊና ናት። «ግድግዳውን እያየሽ ከምታወሪ ጻፊው» አለችኝ። ባሕር ማዶ በተወለድንባት ደሴት በካሊምኖስ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም የምቸኩልበት የለኝም።

ዓርብ፣ ማርች 17

ምንም የለም። ማለቴ ወሬ የለም።

እሑድ፣ ማርች 19

ከኅብስቱ ጋር ለአባ ቴዎፍሎስ የምንሰጣቸው ወረቀት አለ። መሃሉ ላይ መስመር ይሰመርና በአንድ ወገን የሕያዋን፣ በሌላው የሙታን የክርስትና ስም ይጻፋል። አባ ከቅዳሴው በፊት እያንዳንዱን ስም እየጠሩ ከኅብስቱ አንዳንድ ፍርፋሪ ያነሳሉ። በሙታን ወገን አባቴን፣ እናቴንና በሕፃንነቷ የተቀጠፈችብኝን አንቶኒያን ጻፍኩ። በሕያዋን ወገን ሳከላሪስ፣ ቴመሊና፣ ፓንተሊስ። የፓንተሊስን እርሳሱን ጫን አድርጌ ነው የጻፍኩት።

አባ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ጥሩ ነው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ ካሎቲና ባቄላ ይዛ መጣች። ከእኛ ደሴት ሰው በዕድሜ የሚበልጣት የለም፤ በአፍም የሚያህላት የለም።

«ብዪ እንጂ ሴቫስቲ! ጾሙ እንኳ እንዲህ አያከሳም።»

በላሁ። እሷም አየችኝና፣ «በአገራችን ጀልባ ሳይመለስ ሲቀር አርባ ቀን ጠብቀን ስንዴውን እንቀቅል ነበር» አለች። ለሙታን መታሰቢያ ተቀቅሎ በስኳር የሚሸፈነውን ስንዴ ማለቷ ነው።

«የእኔ ልጅ የሄደው በአውሮፕላን እንጂ በጀልባ አይደለም።»

«አዎ፤ ጀልባስ ይንሳፈፋል» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሳህኗን አጥቤ መለስኩላት።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ዛሬ የሸኘንበት ቀን ትዝ አለኝ። ባቡሩ ሊነሳ ነው፣ ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል፣ የእኔዎቹ ሁለቱ ወንዶች እንደ ምሰሶ ተገትረዋል። ሳከላሪስ እጁን ሰደደና የልጁን እጅጌ አንድ ጊዜ ጎተተ። ፓንተሊስም የአባቱን እጅጌ አንድ ጊዜ ጎተተ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። «እንደ ሰው ተሳሳሙ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

የጠላቂዎች ነገር ነው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ገመዱን አንድ ጊዜ ሲጎትት «ደህና ነህ?» ማለቱ ነው። ባሕር ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ መልሶ ከጎተተ ደህና ነው። ቤታችን ውስጥ እነሱ ሁለቱ ሌላ ሰላምታ አያውቁም ነበር።

ሳከላሪስ የታመመ ቀን ገመዱን የያዘው ፓንተሊስ ነበር። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አንዴ ጎትቶ መልስ ሲያጣ ሰው አልጠራም፣ አልጠበቀም፤ ብቻውን ስቦ አወጣው። ቶሎ መውጣቱ ነው እግሩን የገደለው የሚሉ አሉ። ሳከላሪስ ይህን በሚል ሰው ላይ ምርኩዙን ያነሳል። «በእግሬ ፋንታ እኔን አወጣኝ» ይላል።

እኔ ግን በማግስቱ ልጄን ከሥዕሉ ፊት አቁሜ የጠላቂ ልብስ እንዳይለብስ አስማልኩት። መሐላውን ጠበቀ። ባሕር አልገባም። ስለ ሰማይ አላስማልኩትም።

ማክሰኞ፣ ማርች 28

ዛሬ በምሠራበት ሰፍነግ መከርከሚያ ቤት። ከተቆለለው ጀርባ ሆኜ መቀሴን እያንቀሳቀስኩ ነው። እዚያ መኖሬን ያላወቁ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፦

«ሴቫስቲ አሁንም የልጇን ሸሚዞች ታሰጣለች አሉ።»

«ምን ታድርግ? ብል ይብላው?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ?»

«ዝም በል፣ ሰው ይኖራል።»

ሸሚዝ ካልተናፈሰ በዚህ ርጥበት ይሻግታል። ይህን ማንም ያውቃል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ኅብስቱን አስረክቤ እንደ ሁልጊዜው በመቅደሱ የጎን በር አጠገብ ቆምኩ። አባ ስሞቹን ያነባሉ። ከሕያዋን ፓንተሊስን ጠሩ። ደስ አለኝ። ወደ ሙታን ተሻገሩ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ አንቶኒያን። ከዚያ ሌላ ወረቀት አነሱና ከዚያው ከሙታን ወገን፣ «ፓንተሊስ» አሉ።

«ሕያው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ። ሻማ የሚያበሩት ሁሉ ዞሩ። አባ ወጥተው እጄን ያዙኝ። ወረቀቱን አሳዩኝ ብዬ ነጠቅኳቸው፤ ይቅር ይበለኝ። ጽሕፈቱን አወቅኩት። ከካሊምኖስ ጀምሮ የማውቀው ጽሕፈት ነው። ሳከላሪስ ነው።

ቤት ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር።

«ልጅህን ቀበርከው?»

«አልቀበርኩትም» አለ።

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

መናገር አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መናገር አያውቅም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 3

አልተነጋገርንም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 7

ቴመሊና በመካከላችን እንደ ፖስተኛ ሆናለች። «አባትሽን ወይራ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» እላታለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጧል። «እናትሽን አመሰግናለሁ በያት» ይላል። ዛሬ ልጅቷ ሹካዋን ወረወረች። «እኔ ብርቱካን ስጠቀልል ውዬ ደግሞ የእናንተን ቃል ልጠቅልል? ወይራው ያውና፣ አፋችሁም ያውና!»

ሳቄ መጣ። እሱም ጢሙ ተንቀሳቀሰ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 14፤ ስቅለት

ከማርች 6 ጀምሮ ብንቆጥር አርባኛው ቀን ዛሬ ይውላል። እኔ አልቆጠርኩም። የቆጠረችው እትዬ ካሎቲና ናት። ግን በሰሙነ ሕማማት የሙታን መታሰቢያ አይደረግም፤ አባም ይህን ነገሯት። ስንዴው ተረፈ። እኔም ተረፍኩ።

ወንጌሉ ሲነበብ፣ በሆምጣጤ የተነከረው ሰፍነግ ላይ ሲደርስ፣ ወንዶቻችን ሁሉ እጃቸውን አዩ። በየዓመቱ እንዲህ ያደርጋሉ። ዘንድሮ ግን እኔም እጄን አየሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 16፤ ትንሣኤ

ክርስቶስ ተነሥቷል! ዛሬ ሌላ ነገር አልጽፍም። እንደ ልማዳችን ለትንሣኤ ቀይ ከቀባኋቸው እንቁላሎች አንዱን ለፓንተሊስ አስቀመጥኩ። ሳከላሪስ አየኝ። ኋላ ሳየው እንቁላሉ እንዳይንከባለል ከሥሩ ትንሽ ሰፍነግ አድርጎለታል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 27

ደብዳቤ! ከእሱ! በእጁ የተጻፈ! ቴመሊና እስክትመጣ አልጠበቅኩም፤ በእኛው ፊደል ነው የጻፈው።

በኋላ።

ቀኑን አየሁት። ፌብሩዋሪ 21 ነው የሚለው። መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው።

ቢሆንም ቃሉ የእሱ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ አባዬ በቱቦ ነው የምንተነፍሰው። ቅዝቃዜው ቱቦውን በበረዶ ይዘጋዋል። አየር ያነሰው ሰው ራሱ አያውቅም፤ ይስቃል፣ ከዚያ ይተኛል። እኔ ግን ፊቱን አይቼ ቀድሜ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጓደኞቼ ‹ፒት ጠላቂው› ይሉኛል። ሰማይ ላይ የወጣሁ ጠላቂ! ለአባዬ ንገሪው፣ ይስቃል። አንቺ ግን አትቆጪ፤ መሐላዬን አላፈረስኩም።»

ደግሞ ወታደር ሁሉ ስሙ ተቀርጾባት አንገቱ ላይ ስለሚያደርጋት ብረት ጽፏል። ሃይማኖት የሚጻፍበት ቦታ አላት። የፕሮቴስታንት፣ የካቶሊክና የአይሁድ ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው አሉት፤ ከሦስቱ አንዱም የእኛ አይደለም። «ባዶ ተዉት አልኳቸው» ይላል።

ባዶ። ቢወድቅ ማን ካህን ይጠራለታል? በማን ጸሎት? እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ሳከላሪስ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበ። አልሳቀም። «አየር ያነሰውን ሰው እኔ ነኝ ያስተማርኩት እንዴት እንደሚታወቅ» አለ። ከኤፕሪል 2 ወዲህ በቀጥታ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 12

ዛሬ ምሳ ሰዓት ወደብ ወረድኩ። ሳከላሪስ የሌሎችን ጀልባ ገመድ እየጠገነ ነበር። አጠገቡ ያሉት ጠላቂዎች ሲያዩኝ፣ «ሳከላሪስ፣ አለቃህ መጣች! ምርኩዝህን ደብቅ!» አሉና ራቅ አሉልን።

«ለምን ከሙታን ጻፍከው?» አልኩት። በቁጣ አይደለም። ደክሞኝ ነበር።

ገመዱን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሴቫስቲ፣ ገመድ ይዘሽ አታውቂም። ትጎትቻለሽ። መልስ ከሌለ ምናልባት ሥራ ይዞ ይሆናል፣ ምናልባት ዘንግቶ ይሆናል ብለሽ አትቀመጪም። ታወጪዋለሽ። የቀረኝ ገመድ ያ ወረቀት ብቻ ነው። በሕያዋን በኩል አንቺ ያዝሽው። በሌላው በኩል ደግሞ ማንም ሳይዘው እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«ሕያው ከሆነስ?»

«ሕያው ከሆነ ሁለት ገመድ ምን ይጎዳዋል?»

ይህን ሁሉ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ይዤ የመጣሁትን ዳቦ አብረን በላን። ስንመለስ መንገድ ላይ እጅጌዬን ያዘ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ሸሚዞቹን ማስጣት ትቼ አጥፌ ካስቀመጥኳቸው ሁለት ሳምንት ሆኗል። ለማንም አልነገርኩም።

ረቡዕ፣ ሜይ 24

ዛሬ ከነብራስካ ግዛት ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዋ ሚስስ ሊንድኲስት ትባላለች፤ ልጇ ዌንደል ከፓንተሊስ ጋር በአንድ አውሮፕላን ነበር። ዌንደል ጀርመን አገር በምርኮ አለ፤ ለእናቱ የጻፈላትን በእጇ ገልብጣ ልካልናለች። የጀርመን ሳንሱር በጥቁር ቀለም ያጠፋቸው ቦታዎች አሉ ትላለች፤ እነዚያን እሷም ባዶ ትታቸዋለች። ቴመሊና እየተረጎመች አነበበችልን። እኔ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

«እማማ፣ የፒትን እናት ፈልገሽ ንገሪያት። እኔ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ ነበርኩ፣ ፒት መሃሉ ላይ። ቱቦዬ በረዶ ይዞት አላወቅኩም። በአውሮፕላኑ የውስጥ ስልክ እየሳቅኩ ነበር አሉ። ፒት ሳቄን ሰምቶ ትንሿን የአየር ጠርሙስ ይዞ በደረቱ እየተሳበ መጣ። ስነቃ አጠገቤ ተቀምጦ እጅጌዬን ይጎትታል። አንድ ጊዜ ይጎትትና ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ይጎትትና ይጠብቃል። ምን እንደፈለገ አልገባኝም። በመጨረሻ የእሱን እጅጌ እኔም አንድ ጊዜ ጎተትኩ። እንዴት እንደሳቀ ብታዪ! ከዚያ ተመታን። ፓራሹቴን እሱ አሰረልኝ፣ በጭራው በር እሱ ገፋኝ። የእሱ ፓራሹት አውሮፕላኑ መሃል ነበር የቀረው። ሊያመጣው ዞሮ ሲሄድ አየሁት። ሌላ አላየሁም። እጅጌዬን ለምን ይጎትት እንደነበር ጠይቂልኝ።»

ቴመሊና አንብባ ስትጨርስ ሳከላሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እንደሚያለቅስ መሰለኝ፤ ሄጄ ሳየው ያለቅሳልም ይስቃልም።

«መልሶለታል» አለኝ። «ሴቫስቲ፣ ዌንደል መልሶለታል!»

ቅዳሜ፣ ሜይ 27

ሁለተኛው ቴሌግራም። በቀይ መስቀል በኩል። በአንድ መንደር መቃብር ተቀብሯል።

ሚስተር ሆሊስ ዛሬም ባርኔጣውን አወለቀ። ወንበር ሰጠሁት። ቡና ጠጣ። የእሱም ልጅ መርከብ ላይ ነው አሉ። የልጁን ስም ጠይቄ ከሕያዋን ወገን ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 1

ከነገ ወዲያ ሙታን ሁሉ የሚታሰቡበት የሙታን ቅዳሜ ነው። ስንዴው ተነክሯል።

እትዬ ካሎቲና ለውዝ ልትልጥ መጣች። ከማርች ጀምሮ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ስንዴውን ስታየው ድንጋዩን ለመልቀም መነጽሯን እንኳ ማድረግ አልቻለችም፣ እንባዋ ይወርዳል። «ባይሆን ይሻል ነበር፣ ተሳስቼ ብገኝ ይሻል ነበር» አለች። «ብዪ እንጂ!» አልኳት፤ ለውዝ አቀበልኳት።

ስለዚያች ባዶ ብረት ለአባ ቴዎፍሎስ ነገርኳቸው። ማን እንደቀበረው አላውቅም፣ በምን ጸሎት እንደቀበሩት አላውቅም አልኳቸው።

«ማንም ይቅበረው» አሉኝ፣ «ስሙን እኛ እናውቀዋለን። ጌታም ብረት እያነበበ አይደለም የሚቀበለው።»

ከዚያ ለቅዳሜ የምሰጠውን ወረቀት ሠራሁ። መስመሩን አሰመርኩ። ፓንተሊስን ከሕያዋን ወገን አልጻፍኩትም። ቦታው ባዶ ሆነ። ብዙ ጊዜ አየሁት። ያቺ ብረትም እንዲህ ባዶ ነበረች። ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ «ዌንደል» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ካሎቲና በትከሻዬ ላይ አይታ፣ «ምን የሚሉት ስም ነው? ዌንደል የሚባል ቅዱስ አለ?» አለች።

«እስኪገኝ እኛ እንጸልይለታለን።»

ኋላ ወረቀቱን ሳሳያቸው አባም ስሙን ሁለት ጊዜ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «አጠራሩን ለቅዳሜ እለማመዳለሁ» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጁን 3

ዛሬ የመቅደሱ በር ክፍት ሆኖ ስሞቹ በድምፅ ተነበቡ። ስንዴውን እኔ ነኝ ያስጌጥኩት፤ በስኳሩ ላይ በለውዝ መስቀል፣ ከሥሩም የፓንተሊስን ስም የመጀመሪያ ፊደል። ከሙታን ወገን አባቴን፣ እናቴን፣ አንቶኒያን ጠሩ፤ ከዚያ ፓንተሊስ። አልጮህኩም። ሳከላሪስ ምርኩዙን አስደግፎ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ስሙ ሲጠራ እጅጌዬን አንድ ጊዜ ጎተተ። እኔም አንድ ጊዜ ጎተትኩ።

ስንዴው በየማንኪያው ለሰው ሁሉ ተሰጠ፤ ተርፎም ጠላቂዎቹ በኪሳቸው ይዘው ወደ ጀልባቸው ሄዱ። ለሚስስ ሊንድኲስት ነገ እጽፋለሁ፣ ቴመሊና ትተረጉምልኛለች። የእጅጌውን ነገር ማወቅ አለባት፤ ልጇ መልስ ይጠብቃል። በመኸር ወራት ልመጣ እችላለሁ ብላለች። መኝታው አለ። ሸሚዞቹም አሉ፤ ዌንደል ሲፈታ በልኩ ቢሆኑለት ደስ ይለኛል።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ነው። ቴመሊና አንድ ቀን የሚያነበው አይጠፋም ትላለች። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ማንም ብትሆን ልለምንህ። የልጄ የክርስትና ስም ፓንተሊስ ነው። ወታደሮቹ ፒት ይሉት ነበር፣ ብረቱ ላይ ሃይማኖት የለውም፣ መቃብሩን አይቼው አላውቅም። አንተ ግን ስሙን አሁን አውቀኸዋል። ባለህበት ቆም በልና አንድ ጊዜ «ፓንተሊስን ነፍሱን ማረው» በልለት። ረጅም ጸሎት አልጠየቅኩህም፤ ገመዱ አንድ ጊዜ ከተጎተተ ይበቃዋል።

ከዚያ ትንሽ ጠብቅ።